ደህና ነኝ ተብሎ የተዘጋ ጥሪ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ኦገስት ነበር፤ አስፋልቱ ይፈላል። ቦሪስ የሰርቨር ክፍሉን በር ሲከፍትልኝ ግን ከውስጥ የወጣው ቅዝቃዜ ጥርሴን አንቀጫቀጨው። የለበስኩት ለመጀመሪያ ቀን ብዬ የተኮስኩትን አጭር እጅጌ ሸሚዝ ነው። ቦሪስ ከላይ እስከ ታች አየኝና «ነገ ሹራብ ይዘህ ና፤ እዚህ ክፍል ውስጥ በጋ የሚባል የለም» አለኝ።

ለመንገዱ እንግዳ አልነበርኩም። እዚያው ቤኤር ቱቪያ የኢንዱስትሪ ቀጠና ውስጥ፣ ከሕንፃው ሁለት መታጠፊያ አልፎ ባለ መጋዘን፣ ለዓመታት ካርቶን ስጭንና ሳወርድ ኖሬያለሁ። ከዚያ በፊት በጦር ሠራዊቱም የመደቡኝ መጋዘን ነው። ከደምቢያ በልጅነቴ መጥቼ፣ ዕድሜዬን የሌላ ሰው ዕቃ ስጠብቅ ኖርኩ ማለት ይቻላል። የኮምፒውተር ኮርስ ጨርሼ «ረዳት የዳታቤዝ አስተዳዳሪ» የሚል ማዕረግ ሳገኝ ከመጋዘን የተገላገልኩ መስሎኝ ነበር። ሞኝ ነበርኩ፤ ያስገቡኝ ሌላ መጋዘን ውስጥ ነው።

ድርጅቱ የጥሪ ማዕከል ነው፤ እዚህ አገር በዕብራይስጥ ሞኬድ ይሉታል። ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች አንገታቸው ላይ ትንሽ ቀይ ቁልፍ ያንጠለጥላሉ። ሲወድቁ ወይም ሲያማቸው ይጫኑታል። ወዲያው ሳሎናቸው ውስጥ ካለ ሣጥን የማዕከሉ ሠራተኛ ድምፅ ይወጣና ያነጋግራቸዋል፤ ካስፈለገ ቤተሰብ ይጠራል ወይም አምቡላንስ ይልካል። የእኛ ሰዎች ቁልፉን «ደወሉ» ይሉታል። እያንዳንዱ ጥሪ ዳታቤዙ ውስጥ አንድ መስመር ይሆናል፤ ማን ጠራ፣ መቼ ጠራ፣ እንዴት ተዘጋ። የንግግሩ ድምፅ ደግሞ ለብቻው ፋይል ሆኖ ዲስክ ላይ ይቀመጣል።

ቦሪስ ዋና አስተዳዳሪ ነበር። ከሶቪየት አገር የመጣ መሐንዲስ ነው፤ በዕድሜ በጣም ይበልጠኛል፤ ጢሙ በሲጋራ ጢስ ወይቧል። የመጀመሪያውን ትምህርት የሰጠኝ ወንበር እንኳ ሳያቀርብልኝ ነው። «ዳኒ» አለኝ፤ ደሳለኝ የሚለው ስሜ ለምላሱ ስለከበደው በዚያው ጠዋት ዳኒ ሆኜ ነበር። «ሰው ሁሉ ሥራችን ማስቀመጥ ይመስለዋል። ማስቀመጥማ ማንም ያስቀምጣል። የእኛ ሥራ ማጥፋት ነው። ምን ይጥፋ፣ መቼ ይጥፋ፣ በማን ፊርማ ይጥፋ።»

ከዚያ የክትትል ሰሌዳውን አሳየኝ። እያንዳንዱ ዲስክ ምን ያህል እንደሞላ በቀለም ይታያል። አረንጓዴ ከሆነ ሻይህን ትጠጣለህ፤ ቢጫ ከሆነ ታስባለህ፤ ቀይ ከሆነ ታጠፋለህ። የማጥፋቱም ተራ የታወቀ ነው። መጀመሪያ ጊዜያዊ ፋይሎች ይሄዳሉ። ቀጥሎ ባክአፕ፣ ማለትም መጠባበቂያ ቅጂ፣ የተወሰደላቸው ሎጎች፣ የዳታቤዙ አሮጌ የሥራ መዝገቦች፣ ይሄዳሉ። ያም ካልበቃ ወደ ድምፆቹ ይመጣል።

ድምፆቹም እኩል አይደሉም። ሠራተኛው ጥሪ ሲዘጋ አንድ ቁጥር መጫን አለበት። ቁጥር ሦስት ማለት አምቡላንስ ተላከ ነው፤ ቁጥር ሁለት፣ ቤተሰብ ተጠራ፤ ቁጥር አንድ ደግሞ፣ «ደህና ነው»። ሁለትና ሦስት ለዓመታት ይቀመጣሉ፤ ነገ ፍርድ ቤት ሊፈለጉ ይችላሉ። ቦታ ሲጠብ መጀመሪያ የሚጠፋው ቁጥር አንድ ነው። «ደህና ነኝ ያለ ሰው ፍርድ ቤት አይሄድም» አለኝ ቦሪስ። ያኔ ትክክል መሰለኝ።

ለእናቴ ሥራዬን ያስረዳኋት በጎታ ነው። «ጎታው ምን ያህል እንደሞላ እያየሁ እውላለሁ» አልኳት።

«እሰይ! ሲሞላስ?»

«እደፋለሁ።»

«እህል የሚደፋ ሰው ደመወዝ ይበላል?» አለችና ለጎረቤቶቿ ሁሉ «የእኔ ልጅ ደፊ ሆነ» እያለች ሰፈሩን አሳቀችብኝ።

ዲስክ ሲሞላ ምን እንደሚሆን ግን ብዙም ሳይቆይ በዓይኔ አየሁ። ሎግ ማለት ዳታቤዙ የሚሠራውን ነገር ሁሉ ከመሥራቱ በፊት የሚጽፍበት ፋይል ነው፤ ባክአፕ ካልተወሰደለት እያደገ ይሄዳል እንጂ አይቀንስም። አንድ ቀትር ላይ ባክአፑ መንገድ ላይ ተደናቅፎ ቀረና ሎጉ ዲስኩን እስከ አፉ ሞላው። ዳታቤዙ ቀጥ አለ። ሠራተኞቹ ፊት ያለው ማያ ገጽ ደረቀ። የሚጠራው ማን እንደሆነ፣ ቤቱ የት እንደሆነ የሚነግራቸው ነገር ጠፋ። ጋን ያቭኔ ውስጥ አንዲት አሮጊት መታጠቢያ ቤት ወድቀው ይጮኻሉ፤ የማዕከሉ ሠራተኛ ስልኩን ይዛ «አድራሻ ንገሩኝ፣ አድራሻ!» ትላቸዋለች። አምቡላንሱ ዘግይቶ ደረሰ። ሴትዮዋ ተረፉ፤ ዳሌያቸው ግን ተሰብሮ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቦሪስ በቀይ ዲስክ ላይ አይቀልድም። ሎጉና ድምፆቹ አንድ ዲስክ ላይ መሆናቸው አደጋ ስለሆነ ሌላ ዲስክ ይገዛ ብሎ ሥራ አስኪያጃችንን ሮኒን ጠየቀ። ሮኒ ፈገግታ የማይለየው ሰው ነው። «በሚቀጥለው በጀት» አለ። በሚቀጥለው በጀትም «በሚቀጥለው በጀት» አለ። እኛም ቀይ ሲመጣ ሁሉ ቁጥር አንዶችን እየደፋን ኖርን።

አሁን ወደ አባ ተዘራ ልምጣ።

አባ ተዘራ ቂርያት ማላኺ ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ነበሩ። በአገራቸው ሸማኔ ነበሩ፤ ከእናቴ ጋር የአንድ ቀበሌ ሰዎች ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ በኋላ ልጃቸው ደወሉን አንገታቸው ላይ አንጠልጥላላቸው ነበር። አንድ ቀን ሳሎናቸው ወለል ላይ ወድቀው ተገኙ፤ ልባቸው ነው ተባለ። ለቅሶ ሲሆን የእኛ ሰው አይቀርም፤ እኔም እናቴን ይዤ ሄድኩ። ከሕንፃው ሥር ድንኳን ተጥሏል፤ የፕላስቲክ ወንበሩ ሞልቶ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

ልጃቸው ወርቅነሽ ትባላለች፤ በመታወቂያዋ ዘሃቫ ነች። ገዴራ ትኖራለች፤ ያቭኔ ፋብሪካ ውስጥ ማሸጊያ ላይ ትሠራለች። ሰው ሲሳሳ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ድምፅዋ ከማልቀስ ብዛት ተዘግቶ ነበር።

«ወንድሜ ደሳለኝ፣ ሞኬዱ ውስጥ ነው የሚሠራ ብለውኛል። እውነት ነው?»

«እውነት ነው እህቴ።»

«ደውዬ ጠየቅኋቸው። ‹አባትሽ ተጭነዋል፤ አንስተናል፤ ደህና ነኝ ብለዋል፤ ዘግተናል› አሉኝ። ቤሰደር ብሎ ነበር አሉኝ። ሰው እየሞተ ቤሰደር ይላል?»

ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች።

«የሞተ ዕለት ጠዋት እኔ ጋ ደውሎ ነበር። ሥራ ላይ ስልካችንን ሣጥን ውስጥ ነው የሚያስቆልፉን። በሃፍሳቃ ስወጣ ነው ያየሁት» አለች፤ በእረፍት ሰዓት ማለቷ ነው። «ወይ እነሱ ዋሽተዋል፣ ወይ አባቴ የፈለገው እኔን ብቻ ነው፤ እኔም አላነሳሁለትም። የትኛው እንደሆነ ሳላውቅ እንዴት አድርጌ ልተኛ? ድምፁ አለ ይላሉ። አምጣልኝ። ምን ሊለኝ እንደነበር ልስማ።»

«የእኔ አይደለም፤ ማስፈቀድ አለብኝ» አልኳት።

«አስፈቅዳ! ያላ፣ በል አስፈቅድልኝ» አለችና እጄን ጨብጣ አልለቅ አለች።

በዚያ ሳምንት የተቀመጡ ድምፆችን ሁሉ በዲስኩ ውስጥ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ እያዛወርን ነበር። ከተዛወሩት ጥቂቱን ከፍቶ መስማት የሥራው አንድ ክፍል ነው፤ ተበላሽቶ እንደሆነ የሚታወቀው እንዲያ ነው። የአባ ተዘራን ፋይል ከናሙናዎቹ ጋር አደረግኩት። መስመሩን አየሁ፤ የተዘጋው በቁጥር አንድ ነው። ጆሮ ማዳመጫውን አድርጌ ከፈትኩት።

«ሻሎም፣ ሳባ! ማ ሽሎምኻ? ሃኮል ቤሰደር?» ይላል ሠራተኛው፤ አያቴ እንዴት ነህ፣ ሁሉ ደህና ነው ወይ ማለቱ ነው። ወጣት ነው፤ ድምፁ ክፉ አይደለም።

«ሻሎም፣ ሻሎም ልጄ። ቤሰደር፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ አባ ተዘራ። ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «አንተስ ደህና ነህ? እናት አባትህ ደህና ናቸው?»

ይህን ያሉት በአማርኛ ነው፤ ልጁ አልገባውም። «ቤሰደር፣ ሳባ?» ብሎ ደገመ።

«ቤሰደር፣ ቤሰደር።»

«ዮፊ፣ ሳባ። ዮም ቶቭ!» ጥሩ፣ መልካም ቀን ብሎ ቁልፉን ሲጫን ይሰማል። መሣሪያው ከመዘጋቱ በፊት ጥቂት ይዘገያል፤ በዚያች ጥቂት ጊዜ ውስጥ የአባ ተዘራ ድምፅ አንድ ጊዜ መጣ።

«ቆይ ልጄ፤ አንድ ነገር ላስቸግርህ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ምንም የለም።

ማዳመጫውን አውልቄ ተቀመጥኩ። እዚያ ክፍል ውስጥ ይህን የሚረዳ ከእኔ በቀር አንድም ሰው አልነበረም። የእኛ ሽማግሌ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ሰላም ሳይል አይናገርም። እንዴት ነህ ሲሉት ፈጣሪውን ያመሰግናል እንጂ ሕመሙን አይዘረግፍም። መጀመሪያ አንተን ይጠይቅሃል፤ ቤተሰብህን ይጠይቅሃል፤ ያመጣውን ጉዳይ የሚያነሳው ሰላምታው አልቆ ነው፤ እሱንም «ላስቸግርህ» ብሎ። መርዶ ነጋሪ እንኳ ተቀምጦ፣ ሰላም ተባብሎ ነው የሚያረዳው። አባ ተዘራ ጨዋ ሆነው ያደጉበትን ሥርዓት ነው የፈጸሙት። ሰላምታው ሳያልቅ ስልኩ አለቀ።

ሮኒ ቢሮ ገባሁ። የሰማሁትን ነገርኩት፤ የሟቹ ልጅ እንደምትፈልገውም ነገርኩት።

«አኺ፣ ወንድሜ» አለ፤ «ይህ የጠበቃ ጉዳይ ነው። የድርጅቱ ጠበቃ ሳታይ ለማንም ድምፅ አልሰጥም።»

«አትስጥ። እንዳይጠፋ ብቻ አትንኩ የሚል ምልክት ላድርግበት። የሚያስፈልገኝ ፊርማህ ነው።»

«ከፈረምኩ ችግር እንዳለ አውቀን ነበር ማለት ነው። የተዘጋው በስንት ነው?»

«በአንድ።»

«እንግዲህ ደህና ነው።»

«ሰውየው ሞተዋል፣ ሮኒ።»

«ጥሪውን ነው ደህና ያልኩት» አለኝ፤ ፈገግታው ግን እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም። «ጠበቃዋን እጠይቃለሁ። ጠብቅ።»

ለቦሪስም ነገርኩት። እሱም ሲጋራውን አጥፍቶ «ያለ ፊርማ እንዳትነካው» አለ። «ገልብጠህ ከወጣህ ሌባ ነህ። ከመደምሰስ ለይተህ ካስቀረኸው ማስረጃ ነካካህ ይሉሃል። ሮኒ እስኪፈርም እጅህን ኪስህ ውስጥ አድርግ።» እጄን ኪሴ ውስጥ አደረግኩ። ፍላሼም እዚያው ነበር። የደንበኛ ድምፅ ይዞ የወጣ ሰው ከሥራ ይባረራል፤ ፖሊስም ይጠራበታል። ቤት ውስጥ ልጆች አሉኝ። ጠበቅኩ።

ሐሙስ ዕለት ሻራቭ መጣ፤ ከበረሃው በኩል የሚነፍሰው ትኩስ ነፋስ ማለቴ ነው። ሰማዩ ቢጫ ሆነ፤ አፍንጫ ውስጥ አቧራ ይገባል። እንዲህ ባለ ቀን ከአሽዶድ እስከ ገዴራ ያሉ አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ሁሉ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ደወሉም ፋታ አይሰጥም። ጥሪ በበዛ ቁጥር ድምፁ ይበዛል፤ ዲስኩ ይሞላል። ዓርብ ከቀትር በኋላ ስወጣ ሰሌዳው ቢጫ ነበር። ሮኒን ደወልኩለት። «ጠበቃዋ እሁድ ትመለሳለች» አለኝ።

የሰንበት፣ የቅዳሜ ማለት ነው፣ ተራው የቦሪስ ነበር። እኔ ሰንበት ከገባች ስልክ አልነካም፤ የእናቴ ቤት ሕግ ነው። ቦሪስ ደግሞ ሰንበት አያከብርም፤ በምትኩ የእነሱን የዘመን መለወጫ ሌሊት እኔ እሸፍንለት ነበር። ለዓመታት ሳንጣላ የኖርንበት ውል ነው።

እሁድ ጠዋት ስገባ ሰሌዳው አረንጓዴ ነበር። ሳይደፋ ቢጫ አረንጓዴ አይሆንም።

«ሰንበት ጠዋት ቀይ ሆነ» አለኝ ቦሪስ፤ ዓይኑ ደም ለብሷል፤ አልተኛም። «ጊዜያዊዎቹን አጠፋሁ፤ ሎጎቹን አጠፋሁ፤ አልበቃም። ጥሪው እንደ ዝናብ ይወርዳል። ወደ ድምፆቹ ሄድኩ።»

«ሁሉንም ቁጥር አንድ?»

«ሁሉንም።»

«የነገርኩህንስ?»

«አልረሳሁትም። ሮኒን ደወልኩለት፤ አላነሳም። ያለ ፊርማ ሁሉንም ማጥፋት የሥራ መመሪያ ነው፤ ያለ ፊርማ አንዱን ማትረፍ ወንጀል ነው። እኔ አልጻፍኩትም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዳኒ፣ የሞተ ሰው ደወል አይጫንም። ያን ጠዋት የሚጫኑት በሕይወት ያሉ ነበሩ። ዲስኩ ቢቆም ኖሮ ዛሬ ለስንት ሟች ፋይል ልታለቅስልኝ ነበር?»

ያለው ሁሉ እውነት ነው። ያናደደኝም እሱው ነው።

ወንበሬ ላይ ተቀምጬ የአባ ተዘራን መስመር ፈለግኩ። አለች። ስማቸው አለ፤ አድራሻቸው አለ፤ ቁጥር አንድ አለ፤ ፋይሉ የት እንደሚገኝ የሚያመለክተው አድራሻም እንዳለ ነው። ስከፍተው «ፋይሉ አልተገኘም» አለኝ። የጥሪ መስመሮቹ ሠንጠረዥ ባክአፕ ነበረው። ድምፆቹ ቦታ ይፈጃሉ ተብሎ ባክአፕ ተወስዶላቸው አያውቅም።

በዚያው ማታ ገዴራ ሄድኩ። ዘሃቫ በሩን ከፍታ ባዶ እጄን አየች።

«ሰምቼዋለሁ» አልኳት። «አልዋሹም፤ ቤሰደር ብለዋል።»

«እንዴት አድርጎ አለ?»

ነገርኳት። እንደሰማሁት፣ በእሳቸው አነጋገር፣ ትንፋሻቸው የተቆረጠበት ላይ እያቆምኩ። ልጁን ደህና ነህ ወይ ማለታቸውን፣ እናት አባቱን መጠየቃቸውን። መጨረሻ ላይ «ቆይ ልጄ፤ አንድ ነገር ላስቸግርህ ነበር» ማለታቸውን።

«ላስቸግርህ አለ?»

«አዎ።»

«ውሃ ሲጠማው እንኳ እንዲያ ነው የሚል» አለች። «እኔኑ፣ የወለዳትን ልጁን፣ ‹ወርቄ አንድ ነገር ላስቸግርሽ› ነው የሚለኝ።» ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና እዬዬ አለች። ስትረጋጋ ቀና አለች። «ልስማው። መቼ ታመጣልኛለህ?»

«ጠፍቷል፣ እህቴ።»

«እንዴት ይጠፋል? ማን አጠፋው?»

«ቦታ ሞልቶ ነው። ቦታ ሲሞላ የሚጠፋ አለ።»

«አባቴ ምን ያህል ቦታ ያዘባችሁ?»

በሥራ ዘመኔ ብዙ አለቃ ጠይቆኛል፤ እንደዚህ ያለ ጥያቄ ግን የጠየቀኝ የለም። መልሱን ደግሞ አውቀዋለሁ፤ ሙያዬ ነው። «ከአንድ የሠርግ ፎቶ አይበልጥም» አልኳት።

ሠራተኞቹ በ«ቤሰደር» እንዳይዘጉ፣ ሁለተኛ ጊዜ «ምን ያምሃል?» ብለው እንዲጠይቁ፣ አማርኛ የሚችል ሰውም በየፈረቃው እንዲኖር ለሮኒ ሐሳብ አቀረብኩ። አመሰገነኝ። ሠራተኞቹ የሚመዘኑት ጥሪውን ቶሎ በመዝጋት ስለሆነ ሰዓት ይበላል አለ፤ የአማርኛው ነገር ደግሞ በሚቀጥለው በጀት ይታያል አለ። ዲስኩ ግን ክረምቱ ሳያልቅ ተገዛ። ትልቅ ነው፤ እስከ ዛሬም ቀይ ሆኖ አያውቅም። ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ቦሪስ ጡረታ የወጣ ቀን ኬክ ተቆረጠለት፤ ሮኒ ንግግር አደረገ። ሰው ሲበተን ቦሪስ ሰርቨር ክፍል ውስጥ ጠራኝ። ሹራቡን አውልቆ ወንበሩ ላይ ሰቀለው፤ ለእኔ የተወው ያን ሹራብ ነው።

«ያቺን ፋይል» አለኝ። «ከማጥፋቴ በፊት ከፍቼ ሰምቻታለሁ። ምናልባት አንድ ነገር ብሰማ ላስቀራት ነበር፤ ፊርማም አልጠብቅም ነበር። ምንም አልገባኝም። የገባኝ ‹ቤሰደር› የሚለው ብቻ ነው።»

ጨበጥኩት። ዋና አስተዳዳሪ የሆንኩት በማግስቱ ነው።

እናቴም አርጅታ ደወሉን አንገቷ ላይ ያሰርኩላት እኔ ነኝ። «እማ፣ እንዴት ነሽ ሲሉሽ መጀመሪያ የሚያምሽን ተናገሪ፤ ሰላምታው ይደርሳል» ብዬ አስተማርኳት። እሺ አለች። እንሞክረው ብዬ አስጫንኳት። ሠራተኛዋ «ማ ሽሎሜኽ፣ ሳብታ?» ብላ እንዴት ነሽ አያቴ ስትላት እናቴ ቀና ብላ «ቤሰደር፣ ባሩክ ሃሼም» ብላ ፈጣሪዋን አመሰገነችና «አንቺስ ልጄ ደህና ነሽ?» አለቻት። ጮህኩባት። ሣጥኑ ሲዘጋ ዞራ ገላመጠችኝ። «ሰላም ሳልል ሕመሜን? ባለጌ ልታደርገኝ ነው በእርጅናዬ?» አለች። እስክትሞት ድረስ አልተቀየረችም።

ዘሃቫ የአባቷን አዝካራ፣ የሙት ዓመት ተዝካራቸውን፣ በየዓመቱ ቂርያት ማላኺ ታወጣለች። ሰው በልቶ፣ ጸሎቱ አልቆ፣ ዘመድ ብቻ ሲቀር አጠገቤ መጥታ ትቀመጥና «ንገረኝ» ትለኛለች። እነግራታለሁ። ልጆቿም ይሰማሉ፤ ትንሹ አማርኛው ስለሚያስቸግረው እህቱ በዕብራይስጥ ትነግረዋለች። እኔ ስናገር ዘሃቫ ዓይኗን ጨፍና ነው የምትሰማው።

ባለፈው አዝካራ እንደ ወትሮው ነገርኳት። «ቆይ፤ አንድ ነገር ላስቸግርህ ነበር» ብዬ ጨረስኩ። ዓይኗን ገለጠች።

«ልጄ አላለም?» አለችኝ።

«እ?»

«‹ቆይ ልጄ› ነበር የምትለኝ። ልጄ አላለም እንዴ?»

ፈለግኩት። ድምፃቸውን በጆሮዬ ፈለግኩት፤ የራሴን ድምፅ ብቻ ሰማሁ። «ብለዋል» አልኳት፤ እርግጠኛ ሆኜ ግን አይደለም። እሷም ነቅታብኛለች፤ እጄን ጭብጥ አደረገች።

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ የምነግራችሁ ይህን ነው። ዲስክ ሲሞላ መጀመሪያ የሚጠፋው ደህና ነኝ ያለ ሰው ነው። ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ሳይሰማው አታጥፉ፤ ሰው ባክአፕ አይሆንም።